የዓለም ወሬ እና የሊሙ ቡና

ጥያቄ፦ «የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት አካውንቲንግ ልመርጥ አስቤያለሁ። በዚህ ሴሚስተር ግሎባል ትሬንድስ የሚባል ኮርስ እየወሰድን ነው። የዶርም ጓደኞቼ ‹ሃንድአውቱን ሸምድደሽ ኤ አምጪና እርሺው› ይሉኛል። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ደግሞ ‹አካውንቲንጉን ተይና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ፤ አፍሪካ ኅብረት ገብተሽ በዶላር ይከፈልሻል› ይለኛል። አባቴ ሊሙ ውስጥ ቡና አምራች ናቸው። እርሳቸው ‹የዓለም ወሬ እንጀራ አይሆንም› ባይ ናቸው። የማንን ልስማ?» (ከጅማ ዞን)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ከሦስቱ ውስጥ መልስ የሚገባው ክርክር ያነሡት አባትሽ ናቸው። ከእርሳቸው እንጀምር፤ ወንድምሽ ጋ በኋላ እንደርሳለን።

አባትሽ የዓለም ወሬ ሲሉ በሬዲዮ የሚሰሙትን የጦርነትና የስብሰባ ዜና ማለታቸው ይመስለናል። እሱን ብቻ መስማት እንጀራ እንደማይሆን እኛም እንስማማለን። ነገር ግን የእርሳቸው ቡና ዋጋ ሊሙ ላይ አይቆረጥም። የአረቢካ (የእኛው ዓይነት) ቡና መነሻ ዋጋ የሚወጣው ኒውዮርክ ባለው ገበያ ነው፤ የሚነገረውም ለአንድ ፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም ነው። ፓውንድ 453.6 ግራም ገደማ ስለሆነ አንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) 37.5 ፓውንድ ያህል ይወጣዋል። ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ 3 ዶላር ከሆነ ፈረሱላው 112 ዶላር አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህ ታዲያ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ንጹሕ ቡና ዋጋ ነው። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው የሚገኘው፤ ላኪው፣ አቅራቢውና ትራንስፖርቱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቡናው ጣዕምና ደረጃም ከመነሻው ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ፓውንዱ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ዋናው ምክንያት ብራዚል ውስጥ የነበረው ድርቅና ምርት ይቀንሳል የሚለው ስጋት ነው። ሊሙ ላይ ዝናቡ ምን ያህል እንደዘነበ ኒውዮርክ ላይ የጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር የዶላሩ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀች። አንድ ዶላር ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ ውሳኔ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለውጭ ገዢዎች ሸጣ ነበር። በ2021 መጀመሪያ ላይ የቡድን 20 አገሮች ባወጡት የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ ብላ ጠየቀች። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የቦንዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ምንዛሪው በተለቀቀበት ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቦርድ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን የብድር ፕሮግራም አጸደቀ። የኮርስሽ የዓለም አቀፍ ፖለቲካዊ ኢኮኖሚ ምዕራፍ የሚያወራው ይህንን ነው። ሃንድአውቱ ላይ ድርቅ ያለ ትርጓሜ ሆኖ ስለቀረበ አይታወቅም እንጂ።

ወንድምሽም ይህን ሳያውቀው እየኖረበት ነው። የኤሚሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው፤ 3.6725 ድርሃም አንድ ዶላር ነው። እርሱ የሚልከው 1,000 ድርሃም 272 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ በባንክ 15,500 ብር አካባቢ ነበር፤ 110 ሲሆን ወደ 30,000 ይጠጋል። በሌላ በኩል ዘይቱ፣ ነዳጁና መድኃኒቱ በዶላር ነው የሚገባው። የቤታችሁ ኑሮ ተሻሽሏል ወይስ ተበላሽቷል የሚለውን ለማወቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለአካውንቲንግ ተማሪ ጥሩ መልመጃ ነው።

አሁን አባትሽን በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ፤ ስለዚህ ብዙ የምንለው አለን።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ደንን ከመመንጠር ጋር የተያያዙ ምርቶች ወደ ገበያው እንዳይገቡ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ቁጥሩ 2023/1115 ነው። የሚመለከታቸው ምርቶች ሰባት ናቸው፦ የቀንድ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ የፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት ላይ የተለቀመ መሆን የለበትም። ይህንንም የማረጋገጥ ግዴታ ያለበት ወደ አውሮፓ የሚያስገባው ነጋዴ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ወሬ ሳይሆን ቡናው የተለቀመበት እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ያለበት ነጥብ ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከ4 ሄክታር ከበለጠ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ነጥቡ ከዴሲማል በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ኢትዮጵያ ላይ ለምን ከበደ? ብዙው ቡናችን የሚመጣው ከትናንሽ ማሳዎች ነው። ሰብሳቢው ከብዙ ገበሬ ገዝቶ ያቀላቅለዋል፤ አቅራቢው ደግሞ የብዙ ሰብሳቢዎችን ይደባልቃል። ደንቡ ግን የታወቀው ካልታወቀው ጋር እንዲቀላቀል አይፈቅድም። ከመቶ ገበሬ የአንዱ ማሳ ካልታወቀ ጭነቱ በሙሉ ችግር ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የሁለት ቀኖች መምታታት ነው። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን መጀመሪያ ዲሴምበር 2024 ነበር፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ተገፋ። በተገፋ ቁጥር «ተሰረዘ፣ ተገላገልን» የሚል ወሬ ይነዛል። የምንጣሮው መለያ ቀን ግን ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሆኖ እዚያው ነው። አንድ ገበሬ «ደንቡ ተራዝሟል» ብሎ ዛሬ ደን መንጥሮ ቡና ቢተክል፣ ከዓመታት በኋላ ሲለቅም ቡናው አውሮፓ አይገባም። ሰነዱን ያነበበና ርእሱን ብቻ ያነበበ ሰው የሚለያዩት እዚህ ነው።

ሌላው «ደን» የሚለው ቃል ነው። ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ያሉትና የዛፎቹ ጥላ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍነውን መሬት ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የሚውለውን መሬት ግን ከዚህ ያወጣዋል። የሊሙ ቡና ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጥላ ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው። ከላይ በሳተላይት ሲታይ ጫካ ይመስላል። የአባትሽ ማሳ በካርታው ላይ «ደን» ወይስ «እርሻ» ተብሎ ተቀባ? ጥላውን አንስተው አዲስ ቡና ከተከሉ ሳተላይቱ ምንጣሮ ብሎ ያነበው ይሆን? አባትሽ ለዘመናት ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ብራስልስ ላይ በተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ስሙ ሊለወጥ ይችላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። ዳፋው እስከ ዐድዋ ደረሰ።

ሦስተኛው የመዝጋቢዎች ስህተት ነው። የሊሙ አካባቢ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅ ከ36 እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስልኮች ብዙውን ጊዜ የሰሜኑን ቁጥር አስቀድመው ያሳያሉ፤ የአውሮፓው ሥርዓት የሚቀበለው ጂኦጄሶን የተባለው የፋይል ዓይነት ግን የምሥራቁን ነው የሚያስቀድመው። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገላበጡ የአባትሽ ማሳ ሰሜን አልጄሪያ ውስጥ ወይም ከጠረፉ አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገኛል። ስድስተኛው አኃዝ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ነው የሚወክለው፤ ተራ ስልክ ግን በብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ስድስቱን አኃዝ መጻፍ ብቻውን ልኬቱን ትክክለኛ አያደርገውም። ከዛፍ ጥላ ወጣ ብሎ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ስልኩ እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ መመዝገብ ይሻላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሠራ ማን ነው? ደንቡን የሚያነብ፣ መዝገቡን የሚይዝ፣ የገበሬውን ነጥብ ከግዥ ደረሰኙ ጋር የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ከአንድ ማሳ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ቡና በዚያ ማሳ ስም ተመዝግቦ ሲያገኝም «ቆይ» የሚል። የሂሳብና የኦዲት ሥራ ነው ይሄ። የዲፕሎማት ሥራ አይደለም።

ለዚህ ነው ለወንድምሽ ምክር «አይሆንም» የምንለው። አካውንቲንጉን አትተዪው። አዲስ አበባ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረትም፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ድርጅቶች የፖለቲካ ተንታኝ ብቻ አይደለም የሚቀጥሩት፤ የሂሳብ፣ የግዥ፣ የሎጂስቲክስና የአስተዳደር ሠራተኛም ይቀጥራሉ። በተባበሩት መንግሥታት ከአገር ውስጥ የሚቀጠሩት በአብዛኛው «ጂ» በሚባለው እርከን ነው፤ አካውንታንት የሚገባበትም በር እዚያ አለ። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ዲግሪ ብቻውን፣ ያለ ሁለተኛ ቋንቋና ያለ ሥራ ልምድ፣ ወንድምሽ እንደሚያስበው በቀጥታ የሚያስገባ አይደለም።

ልምምድ ከፈለግሽ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለዲግሪ ተማሪ የሚፈቅደው በመጨረሻው ዓመት ላይ ስትሆኚ ወይም ከተመረቅሽ በኋላ ብዙ ሳትቆዪ የምትጀምሪ ከሆነ ነው። ክፍያ የለውም። አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለሽ የቤት ኪራዩንና የምግቡን አስቀድመሽ አስቢ። ለማመልከትም ሆነ ለፈተና ምንም ገንዘብ አይጠየቅም፤ «በቴሌግራም 2,000 ብር አስገቢና ስምሽን እናስገባለን» ያለሽ ሁሉ ሌባ ነው።

አካውንቲንግ ራሱ የአገር ውስጥ ትምህርት ብቻ እንዳይመስልሽ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ኢትዮጵያ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የተባለውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንድትከተል አድርጓል፤ ደረጃውን የሚያወጣው ቦርድ ለንደን ነው ያለው። የውጭ ምንዛሪ ለውጥን የሚመለከተው አይ.ኤ.ኤስ. 21 ይባላል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የነበረበት ድርጅት ዶላር 57 ብር ሲሆን 57 ሚሊዮን፣ 110 ሲሆን ደግሞ 110 ሚሊዮን ብር ዕዳ ይመዘግባል። ዕቃ ሳይገዛ፣ ደመወዝ ሳይጨምር 53 ሚሊዮን ብር ኪሳራ መጽሐፉ ላይ ይወጣል። ጆርናሉን (የሂሳብ ምዝገባውን) መጻፍ ሌላ ሰውም ይችላል። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ለምን ሆነ? ይደገማል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያለው ግን ጥቂት ነው።

የዶርም ጓደኞችሽ ስለ ኮርሱ ያሉት ከፊሉ የአስተማሪዎቹም ጥፋት ነው። ግሎባል ትሬንድስ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ሆኖ ሲሰጥ፣ ብዙ ቦታ ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ማርክሲዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም የተባሉት አራት የዓለም አቀፍ ግንኙነት አስተሳሰቦች ትርጓሜ ብቻ ይሸመደዳል። እንዲህ አድርጊ፦ አራቱን እንደ አራት ጥያቄ ያዢያቸውና በቡናው ደንብ ላይ ሞክሪያቸው። ሪያሊስቱ «ደንቡን ያወጣው ማን ነው? ሌላው ለምን እሺ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ትልቅ ገበያ ያለው ያዝዛል። ሊበራሉ «የጋራ ችግርን በጋራ ሕግ መፍታት ለሁሉም ይጠቅማል ወይ?» ይላል። ማርክሲስቱ «የልኬቱንና የምዝገባውን ወጪ ማን ከፈለ? ጀርመን ሃምቡርግ ያለው አስመጪ ወይስ ሊሙ ያሉት ገበሬ?» ይላል። ኮንስትራክቲቪስቱ ደግሞ «ደን ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የወሰነ ማን ነው?» ብሎ ይነሣል። እኛ ለዚህ ጉዳይ ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ የበለጠ ያሳያሉ ባዮች ነን፤ አስተማሪሽ ሊከራከሩሽ ይችላሉ፣ ተከራከሪያቸው። ፈተና ላይ እንዲህ ብለሽ ከጻፍሽ ሸምድደው ከመጡት ያነሰ ውጤት አታመጪም።

በሳምንት ሦስት ሰዓት ብትሰጪው ለአንድ ሴሚስተር ይበቃሻል። የዓለምን ነገር በሙሉ ለመከታተል አትሞክሪ፤ በሁለት ሳምንት ይሰለችሻል። አንድ ዕቃ ብቻ ያዢ፤ ላንቺ ቡናው ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መንገዱን ሣዪ፦ ሊሙ፣ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ ቀይ ባሕር፣ ስዊዝ፣ ሃምቡርግ። በየማቆሚያው «እዚህ ላይ የሚወስነው ማን ነው?» ብለሽ ጻፊ፤ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ብሔራዊ ባንክ፣ የጅቡቲ ወደብ፣ የመርከብ ድርጅቱ፣ የአውሮፓ ኅብረት እያልሽ። ከዚያ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር ሲደርስ ዋጋውን አስይው። ለምሳሌ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን የሁቲ ታጣቂዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ ጉዞው ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ረዘመ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች ይጭናል፤ 19.2 ቶን ማለት ነው። ኪሎው 6.60 ዶላር ቢሆን ኮንቴይነሩ 126,720 ዶላር ያወጣል። ገዢው ቡናው እስኪደርስ ክፍያ ካዘገየና ላኪው ገንዘቡን በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ ከሆነ፣ የ14 ቀኑ መዘግየት ብቻ 729 ዶላር ያስወጣዋል። ይህን ወጪ ላኪው ለራሱ ይይዘዋል? አይመስለንም። ለገበሬው ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ለመቀነስ ይሞክራል።

ከሦስቱ ሰዓት አንዱን ዋናውን ሰነድ ለማንበብ አውዪው፤ ስለ ሰነዱ የተወራውን አይደለም። የአውሮፓው ደንብ በእንግሊዝኛ ይገኛል፤ አንቀጽ 2ን (ትርጓሜውን) እና አንቀጽ 9ን (ነጋዴው የሚያቀርበውን መረጃ) ብቻ ብታነቢ መጀመሪያ ላይ ይበቃል። ሁለተኛውን ሰዓት ለቁጥር፣ ሦስተኛውን አንድ ገጽ ለመጻፍ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጻፊው፤ አባትሽ ሰምተው ካልገባቸው አንቺም አልገባሽም።

ቁጥር ላይ ስትደርሺ ሁለት ወጥመድ አለ። ዶላር ከ57 ወደ 114 ብር ቢወጣ «ዶላር መቶ በመቶ ጨመረ» ማለትም፣ «ብር ሃምሳ በመቶ ወደቀ» ማለትም ልክ ነው፤ ዜናዎች ግን አንዱን ከሌላው እየቀላቀሉ ይዘግባሉ። ሁለተኛው ዘመን መቁጠሪያው ነው። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ስትመልሺ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ትቀንሻለሽ። የእኛ በጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2016 በጀት ዓመት የቡና ገቢን ከ2024 የብራዚል ገቢ ጋር ያነጻጸረ ጽሑፍ ካየሽ ወራቱ እንደማይገጥሙ እወቂ።

የሚያጠፋ ልማድም አለ። ፌስቡክ ላይ ሁሉንም ነገር «ምዕራባውያን አሲረውብን» ወይም «ቻይና ልትውጠን» በሚል አንድ መስመር የሚተነትን ሞልቷል። ሴራ የለም አንልም፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር የሚያስረዳ ሐሳብ ኮንቴይነርሽ ለምን 14 ቀን እንደዘገየ አይነግርሽም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዪ «ይህ እውነት ካልሆነ በምን እናውቃለን?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለው እለፊው።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጹ ሲመጣ አካውንቲንግን አንደኛ አድርጊ። ከሌላ ክፍል ኮርስ መውሰድ ከተፈቀደልሽ የዓለም አቀፍ ንግድ ወይም የዓለም አቀፍ ኢኮኖሚ ኮርስ ፈልጊ፤ የፖለቲካ ንድፈ ሐሳቡን ለጊዜው ተዪው። ቋንቋ ለመጨመር አቅም ካለሽ ፈረንሳይኛ፣ ወንድምሽ ጋ ልትሄጂ ካሰብሽ ግን ዓረብኛ። ለእረፍት ወደ ቤት ስትሄጂ ደግሞ አባትሽ ቡናውን የሚያስረክቡበት ኅብረት ሥራ ማኅበር ማሳቸውን መዝግቦ እንደሆነ ጠይቂያቸው። መዝግቦ ከሆነ ቁጥሩን ተቀበይና ካርታ ላይ አስገቢው። አልጄሪያ ወይም ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከወጣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ቶሎ ንገሪያቸው።